ከ«ተመስገን» በኋላ ያለው ወሬ

ቪዲዮውን አይታችሁታል። ድሮን ከላይ ሆኖ የደረሰ የጤፍ ማሳ ያሳያል፤ ከጀርባ ዋሽንት ይሰማል። ቀጥሎ ከጣሪያው ጭስ የሚወጣ ጎጆ፣ ቀጥሎ እሳት እፍ የምትል እናት፣ ቀጥሎ በባዶ እግሩ እየሮጠ የሚስቅ ልጅ። መጨረሻ ላይ አንዲት ባልቴት ወደ ካሜራው ዞር ይሉና «ተመስገን ነው፣ ምን ጎደለን» ይላሉ። እዚያ ላይ ያልቃል። ከሥሩ የሚጻፈውንም ታውቁታላችሁ፤ ደስታ በገንዘብ አይገዛም፣ እኛ ሁሉ ነገር ሞልቶልን እናማርራለን፣ ገጠር መኖር ነበር። ይህን የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ነው።

ባልቴቷ ዋሹ እያልኩ አይደለም። ተዘጋጅቶ የተቀረጸ ነው የሚለውን ክስም አላነሳም፤ ተዘጋጅቶ የማይቀረጽ ቪዲዮ የለም። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ የት ላይ ተቆረጠ?

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ሰላምታው እንዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እንዴት ከረማችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ይመስገን። ከብቱስ? ይመስገን። ዝናቡስ? ተመስገን ነው። ይሄ ሁሉ ገና ወሬ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው። ወሬው የሚመጣው እንግዳው ከተቀመጠና ውሃ ከቀመሰ በኋላ ነው። ያቺ ጊደር ከሞተች ሳምንቷ ነው። ማዳበሪያው የመጣው ዘርቶ የሚጨርስ ከጨረሰ በኋላ ነው። ትንሹ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ከቅድሙ «ተመስገን» ጋር አይጋጭም፤ ተናጋሪውም እንደተጋጨ አይሰማውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ግን ተራ አላቸው። ቪዲዮው የመጀመሪያውን ተራ ቀርጾ ካሜራውን ያጠፋል፤ እኛ ደግሞ በር ማንኳኳቱን እንደ ሙሉ ጨዋታ ቆጥረን እናለቅስበታለን።

ሰዋስዉንም ልብ በሉት። «ተመስገን» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ «አንተ» የሚባል ሰሚ አለው። ሰሚው ማን እንደሆነ ገጠር ውስጥ የሚጠፋው ሰው የለም። ባለመሬቱ አይደለም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አይደለም፣ ድሮን ይዞ የመጣው ልጅም አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምስጋና መመዝገቢያ አፕ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ ተጠቃሚው ማታ ማታ ያመሰገነበትን 3 ነገር ይጽፋል። ዳታቤዙ ላይ «ምን» የሚል ዓምድ ነበረ፣ «መቼ» የሚል ነበረ። «ለማን» የሚል ግን አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀም። የከተማው ምስጋና እንደዚህ ነው፤ አድራሻ የሌለው ስሜት፣ ጤና ይሰጣል የሚባል። ያንን ስሜት ይዘን ገጠር ሄደን እዚያ ያለውን «ተመስገን» ስንሰማ የራሳችንን ነው የምንሰማው።

ከሰላምታው በኋላ ካሜራውን ሳያጠፋ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሥራ ጥቀስ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። ጎንደር ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ፊልም ይማር የነበረው ኃይሌ ይህን ፊልም የቀረጸው በአውሮፓ አቆጣጠር 1974፣ ዘውዱ በሚወድቅበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ በ16 ሚሊሜትር ካሜራ፣ ተዋናይነት ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር የተሠራ፣ 2 ሰዓት ተኩል የሚሆን። 1976 ላይ ለተመልካች ቀረበ፤ 2006 ላይ ደግሞ ጣልያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ እንደገና ታየ።

ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለአንድ ባለመሬት ያርሳል፤ መሬቱን የተነጠቀ፣ እብድ የሚባል ከበበ የሚሉት ሰው ደግሞ መንደሩ ውስጥ እየዞረ እውነቱን ይናገራል። የቀረው ጊዜ ሥራ ነው። ሲነጋ መነሳት፣ ከብት ማውጣት፣ ማረስ፣ ውሃ፣ እንጨት፣ መመለስ። ካሜራው አይቸኩልም። ነገር በ1.5 ፍጥነት ማየት ለለመድን ሰዎች ፈተና ነው፤ ግን ፊልሙ የሚለው ነገር ያለው ርዝመቱ ውስጥ ነው። ማረስ ውብ ሥዕል የሚሆነው ለ7 ሴኮንድ ነው። ደቂቃዎች ሲጨመሩበት ወገብ ይሆናል። የገበሬው ትከሻ ሲወርድ ታያለህ፤ በሬው ሲደክም ታያለህ፤ ባለመሬቱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ነው። ተቀምጦ ያዛል፣ ተቀምጦ ይሳደባል። ያ ወንበር ለእኔ ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ በላይ የማይረሳኝ ገጸ ባሕርይ ነው።

አንድ ሕልም አለ፤ የቤቱ ወላጆች እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ የሚታዩበት። ሌላ ቦታ ቢሆን ምሳሌው ፊት ለፊት በዛ እል ነበር። እዚህ ግን ካለፈው አንድ ሰዓት በላይ በሬና ሰው ጎን ለጎን ሲደክሙ ስላየን ሕልሙ የሚነግረን አዲስ ነገር የለም፤ ያየነውን ነው የሚደግምልን። ከብት ጠባቂዋ ልጅ ላም ከጎርፍ ላድን ስትል ስትወሰድም ፊልሙ ሙዚቃ አድምቆ አያስለቅሰንም። ሥራው በማግስቱም አለ።

ጉድለት የለውም አልልም። ከበበ አንዳንዴ ሰው መሆኑ ይቀርና መድረክ ላይ የወጣ ተማሪ ይሆናል፤ የዘመኑን መፈክር ድምፅ ትሰማላችሁ። ገበሬዎቹም ሲሳሳቁ ብዙ አናይም፣ ይሄ ደግሞ ገጠርን ለሚያውቅ ሰው ይጎድለዋል፤ አውድማ ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰዎች ናቸው። ቪዲዮዎቹ ሳቁን ብቻ ይወስዳሉ፤ ኃይሌ ሳቁን ትቶ ሌላውን ወሰደ። ምረጥ ካላችሁኝ የእሱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ምስጋና ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚጠይቀው እሱ ነው።

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ያ ወንበር ምን ይሰበስብ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጭሰኛው ሲሶ፣ እርቦ ወይም እኩል አራሽ ነበር፤ ካመረተው ሲሶውን፣ ሩቡን ወይም ግማሹን ያስረክባል። በዚያ ላይ አጥር ማጠር፣ እንጨት መፍለጥ፣ የጌታውን እህል መጫን አለ። በዓል ሲሆን ደግሞ እጅ መንሻ ይዞ ይሄዳል። «እጅ መንሻ» ድንቅ ቃል ነው። ስሙ ስጦታ ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን ሁሉም ያውቃል። ማለትም ምስጋና በታሪካችን ውስጥ የልብ ስሜት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የሚሰበሰብ ግብር የሆነበት ጊዜ አለ። ባለመሬቱ ጭሰኛውን የሚሰድበው «ሰነፍ» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ውለታ ቢስ» ብሎም ነው። መሬቴን አርሰህ፣ በጥላዬ ኖረህ።

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፊልሙ ለተመልካች ሲደርስ ባለመሬቱ በሕግ የለም። ወንበሩ ግን ሰው አላጣም። የዜና ቋንቋችንን አዳምጡ፦ አንድ የውሃ ቧንቧ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ «ነዋሪዎቹ ምስጋናቸውን ገልጸዋል»። እኒያ ነዋሪዎች ውሃው ስንት ዓመት እንደዘገየ፣ የጎንዮሹ ቀበሌ ለምን እንዳልደረሰው የሚሉት ነገር ነበራቸው። እሱ ከምስጋናው በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው፤ ማይኩ ግን ተነስቷል። የድሮኑ ልጅ ከጋዜጠኛው የሚለየው ዋሽንት ስለጨመረበት ነው እንጂ የቆረጡት አንድ ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው የገበሬው ተመስገን የተጫነበት ነገር ነው፣ ነቅቶ ቢሆን አይለውም ነበር» የሚለው መልስ ይመጣል። የ60ዎቹ ትውልድ በዚህ ያምን ነበር፤ ኃይሌም ትንሽ ያዘነብላል። እኔ አልስማማም። የማልስማማውም በሐዲስ ዓለማየሁ ምክንያት ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙዎቻችሁ በመጽሐፉ ካልሆነም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ታውቁታላችሁ። የፍቅር ታሪክ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ሲጀምር ግን የምስጋና ታሪክ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ማንኩሳ ላይ ልጅ ይወልዳሉ፤ የልጁ ሕይወት ያሰጋቸውና ይሳላሉ። ልጁ ይተርፋል። በዛብህ ማለት እንግዲህ የተከፈለ ስለት ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ፣ ሚስት የማያገባ። ከሰብለ ወንጌል ጋር የሚገጥመው መከራ ግማሹ ከፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው የሚመጣው፣ ግማሹ ግን ከእናትና ከአባቱ ደስታ ነው። ሁለት ደግ ሰዎች ከልባቸው አመሰገኑ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጃቸው ሆነ። ሐዲስ ይህን ሲጽፍ አያፌዝባቸውም። ምስጋናው እውነት ነው፣ ዋጋውም እውነት ነው። ገጠር ውስጥ ማመስገን ርካሽ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ ልብ ወለድ አላነበብኩም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጭ ተጨማሪ ግብር አምጡ ሲሉ ገበሬዎቹ እንቢ ይላሉ፤ አበጀ በለው መሪያቸው ሆኖ ይነሳሉ፣ ፊታውራሪውንም ይማርካሉ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ተነስተው «ተመስገን» የሚሉት ሰዎች ናቸው። አመጹ ለመነሳት መጀመሪያ ማመስገን ማቆም አላስፈለጋቸውም። ምስጋናው ወደ ላይ ይሄዳል፣ እንቢታው ወደ ግቢው። አድራሻው ስለማይምታታባቸው ነው ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የቻሉት። (በነገራችን ላይ፣ መጽሐፉ ረጅም ነው የሚሉ ጓደኞቼ ብዙውን ጊዜ ይህን የገበሬዎች ክፍል ዘለው ነው ወደ ሰብለ የሚሮጡት። አትዝለሉት።)

ከቅርቡ ሥራ ደግሞ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ልጥቀስ። 2015 ላይ ካን ፊልም ፌስቲቫል በይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ አለ፤ እናቱ በድርቁ ሞታለች፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመዶች ጋ ያስቀምጠዋል። ያለው ነገር በጉ ናት። አጎቱ ለመስቀል በጓ ትታረድ ይላል። ልጁ እርሻ ላይ አይሆንለትም፣ ወጥ ግን ይሠራል፤ ለአጎቱ ይሄ ውርደት ነው። ኤፍሬም ሳምቡሳ እየሸጠ በጓን ይዞ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል።

ይህን ፊልም የወደድኩበት ምክንያት ልጁን «አመስጋኝ ሁን» የሚል ትምህርት ስለማይሰጠው ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁኔታ ሁሉ ያንን ይጠይቀዋል፤ አስጠግተንሃል፣ አብልተንሃል፣ በጓን አምጣ። እሱ አኩርፎ እምቢ ይላል፤ እኛም ከጎኑ እንቆማለን። አጎቱ ደግሞ ጭራቅ አይደለም፤ የሚበላ አፍ የበዛበት ገበሬ ነው። የዘመድ ውለታ በየቀኑ ሲቆጠርበት የኖረ ማንኛውም ልጅ ያንን ቤት ያውቀዋል።

ላምብ የሚያሳስበኝ ተራራዎቹ ላይ ነው። በጣም ያምራሉ። ካሜራው አረንጓዴውን ሲያገኝ ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ አንዳንዱ ትዕይንት ከድሮን ቪዲዮዎቹ እምብዛም አይርቅም። የከተማ ሰው ዓይን እዚህ ላይ ይታለላል፤ አረንጓዴ ሲያይ ጥጋብ ይመስለዋል። በመኸር በሚኖረው ደጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነሐሴ ላይ ማሳው በጣም ያማረ፣ ጎተራው ግን የተራቆተ ነው። ያምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው አልደረሰም፣ ዘር ተዘርቷል፣ ብድር ተጀምሯል። ስልካችን ላይ «ገነት» ብለን የምንላላከው ፎቶ ብዙ ጊዜ የረሃቡ ወር ፎቶ ነው። ጤፉ ቢጫ ሆኖ፣ ሜዳው ደርቆ፣ አቧራው ሲነሳ ነው ቤት ውስጥ እህል የሚገባው፤ ያኔ ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ የለም።

አያቴ ምሥራቅ ጎጃም ነው የምትኖረው፤ ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ አሳልፍ ነበር፣ ለኅዳር አጨዳም ሁለት ጊዜ ደርሻለሁ። የታዘብኩት ነገር ቢኖር «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል እምብዛም አለመሰማቱ ነው። ወንፈል የመጡ ጎረቤቶች ቀኑን ሙሉ አጭደው ሲሄዱ ማንም ማንንም አላመሰገነም። በሳምንቱ አጎቴ ማጭዱን ይዞ ወደ እነሱ ማሳ ሄደ፣ በቃ። ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ከሆነ ደግሞ ጠላውና እንጀራው ነው የሚናገረው፤ ጠላው ከቀጠነ ዓመቱን ሙሉ ይወራል። «እግዜር ይስጥልኝ» የምትለው መመለስ ለማትችለው ነገር ነበር። ሌሊት ላይ የወደቀ በሬዋን ከጭቃ አውጥቶላት ስሙን እንኳ ሳይነግራት ለሄደ መንገደኛ፣ ለምሳሌ። ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ ስሙት፤ እኔ የምከፍልህ የለኝም፣ እዳዬን እሱ ይክፈልልኝ ማለት ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው። ማን ለማን ምን እንዳለበት፣ የቱ በጉልበት እንደሚመለስ፣ የቱ በድግስ፣ የቱ ከአቅም በላይ ሆኖ ወደ ላይ እንደሚላክ።

ይህንን ሁሉ «ባላቸው ነገር ደስተኛ ናቸው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቀልሉት ያናድደኛል። አሞጋሽ ይመስላል፣ ግን ሰዎቹን ማሰብ የማይችሉ ያደርጋቸዋል። የሚጎዳውም አድናቆት ላይ አያበቃም። መንደሩን ትታ ከተማ መሥራት የምትፈልግ ልጅ፣ ማዳበሪያ ዋጋ ላይ የሚያጉረመርም ገበሬ፣ ኤፍሬምን የመሰለ ልጅ፣ ሁሉም በዚያ ሥዕል ውስጥ ውለታ ቢስ ሆነው ይወጣሉ። «ተመስገን»ን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚባለውን ላለመስማት ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል።

ባለፈው እሁድ ለአያቴ ደወልኩ። ይመስገን አለች። ከዚያ 40 ደቂቃ ነበርን። ጓሮው ውስጥ ያለው ጌሾ ደርቆባታል። የጎረቤታችን ልጅ ከቤይሩት ተመልሳ መጥታለች፣ ከስታለች፣ ማንንም አታናግርም፤ አያቴ ቡና ሲፈላ ትጠራታለች፣ ትመጣና ዝም ብላ ትቀመጣለች። ወንዙ ላይ ይሠራል የተባለው ድልድይ ድንጋዩ ተከምሮ ሦስተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው። ላሟ ወልዳለች፣ ወይፈን ነው፣ ጊደር ነበር የተመኘችው። ጥርሷ እያመማት ነው፤ ጤና ጣቢያው ይነቀል ብሏታል፣ እሷ አልፈለገችም፣ ቀሪው ይኼው ብቻ ነው ትላለች። የሆነ ልጅ ደግሞ ትልቅ ስልክ ይዞ መጥቶ ቡና ስትወቅጥ ቀርጿት ሄደ። «ምን አልሽው?» አልኳት። «ምን እለዋለሁ፣ ቁጭ በል አልኩት፤ አልተቀመጠም።»